ሌሊቱ አልበርድ ሲል

ጥያቄ፦ የምንኖረው መጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሙቀቱ ወራት ሌሊቱን በላብ ተዘፍቃ ስትገላበጥ ታነጋለች። ጠዋት ያዞራታል። ውሃ ጠጪ ስላት «አልጠማኝም» ትላለች። የአየር ንብረት ለውጥ የሚሉት ነገር ቤታችን ድረስ ይመጣል ወይስ የእርጅና ነው?

መልስ፦ ይመጣል። እርጅናውም ድርሻ አለው፣ ግን ሁሉንም በሱ ማሳበብ አይገባም። ምድር ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረችበት ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ከተማ ግን በዚያ ላይ የራሱን ይጨምራል፤ አስፋልቱና ሲሚንቶው ቀኑን ሙሉ የዋጡትን ሙቀት መልሰው የሚለቁት ማታ ነው፣ ዛፍና እርጥብ አፈር ያለበት ቦታ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ይበርዳል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቀኑ ፀሐይ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌሊቱ ነው። ሰውነት ለመቀዝቀዝ ያልባል፣ ደምን ወደ ቆዳ ይገፋል፤ ይህን የምትሸከመው ልብ ናት። ሌሊቱ ካልበረደ እረፍት የላትም፣ የዛሬው ድካም በነገው ላይ ይደረባል። እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፓን የመታው ሙቀት ከ70 ሺህ በላይ ሰው ገድሏል፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ልክ እንደ እናንተ ከጣሪያ ሥር የሚኖሩት ይበልጥ ተጎድተዋል። ይህን የምልዎ ላስፈራራዎ አይደለም። «ሙቀት ነው፣ ያልፋል» ብለው እንዳይተዉት ነው።

እናትዎ «አልጠማኝም» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይደክማል። ስለዚህ ጠማሽ ወይ ብለው አይጠይቁ፤ ሐኪም ፈሳሽ ቀንሺ ካላላቸው በቀር ብርጭቆውን ቶሎ ቶሎ ያቅርቡላቸው። አንዳንድ የግፊት ክኒኖች ሽንት ያበዛሉ። በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ ግን ሙቀቱ ሳይብስ ሐኪማቸውን አማክሩ።

ቀን ውጪው ከቤቱ ሲብስ መስኮትና መጋረጃ ይዘጋ፣ ማታ ይከፈት። ክንዳቸውንና አንገታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ያርጥቡላቸው። ቤቱ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ቬንቲሌተር ትኩስ አየር እየነፋ ይጎዳቸዋል እንጂ አያቀዘቅዝም። ንግግራቸው ከተዛባ፣ ግራ ከተጋቡ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ነገ አይባልም፤ አምቡላንስ ጠርተው እስኪደርስ ውሃ እያፈሰሱ ያቀዝቅዟቸው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ውሃ በአፉ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ አጎበር እየተጠቀምን ሠፈራችን ውስጥ ደንጊ የሚሉት የትኩሳት በሽታ እንዴት ሊገባ ቻለ?

መልስ፦ ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በአብዛኛው ቀን ነው። የምትራባውም ቤት ውስጥ ባጠራቀማችሁት ንጹህ ውሃ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር እሷም ቫይረሱም ቶሎ ያድጋሉ። በርሜሉን ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑ። በሳምንት አንዴም ውሃውን ደፍታችሁ የውስጥ ጎኑን በብሩሽ ፈትጉት፣ እንቁላሉ የሚጣበቀው እዚያ ነው።