ፊቱ ጋ ስትደርሱ

ልጆች፣ ስራችሁን በስልክ እየላካችሁ «እስኪ እይልን» ትሉኛላችሁ። እጃችሁ ጎበዝ ነው። የምፈራላችሁ ዓይናችሁን ነው።

ስለ አንድ ሆላንዳዊ ላውራችሁ። አድሪያን ቫን ኦስታደ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1610 ሃርለም ከተማ ተወለደ፤ እዚያው በ1685 ሞተ። የሸማኔ ልጅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የገጠር ሰው ሲስል ኖረ፤ በቀለምም፣ በመዳብ ላይም። የመዳብ ህትመቶቹ 50 ገደማ ናቸው። ጫማ ሰፊው አለ፣ ፈታይዋ አለች፣ ቫዮሊን ይዞ የሚዞረው አለ፣ በማታ አሳማ የሚያርዱትም አሉ።

ኔዘርላንድስ ከመጣሁ በኋላ አንዱን ሙዚየም ውስጥ አስወጥቼ አየሁት። የ1653 ስራው ነው፤ አንድ ቤተሰብ ከመብላቱ በፊት ይጸልያል። ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። በአጉሊ መነጽር አንገቴ እስኪደነዝዝ አየሁት። ጥላው ቦታ መስመር በመስመር ላይ ተደራርቧል። ፊታቸው ጋ ስትደርሱ ግን ይሳሳል። ጥቂት አጫጭር ጭረት፣ በቃ።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። መዳቡን በሰምና በሙጫ ትቀባላችሁ፤ በጧፍ ጭስ ታጠቁሩታላችሁ፤ ከዚያ በመርፌ ትስላላችሁ። ሰሌዳውን አሲድ ውስጥ ስትከቱት መርፌ የነካውን ብቻ ይበላዋል፤ በቆየ ቁጥር መስመሩ እየጠለቀ ይሄዳል፣ ሲታተምም ይጠቁራል። ቀጭን ሆኖ እንዲቀር የምትፈልጉትን ቶሎ አውጥታችሁ በቫርኒሽ ትሸፍኑና ሰሌዳውን መልሳችሁ ትከቱታላችሁ። (ስትፈርሙ ደግሞ ገልብጣችሁ ጻፉ። እኔ ረስቼ ስሜ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ ታተመ። የተገለበጠ ፊደል ጉድ ነው!)

ተማሪ እያለሁ ሰፈራችን ጉሊት የምትቸረችር ሴትዮ መዳብ ላይ ሳልኩ። ፊቷን ቶሎ በቫርኒሽ መሸፈን ነበረብኝ። «ትንሽ ይብላው» ብዬ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ጨዋታው ደራ። ስመለስ ዓይን የለ፣ አፍ የለ፤ ፊቷ ጥቁር ብሏል። መምህሬ አየት አድርጎ «ዘንቢሏ አምሮልሃል» አለኝ። ያኔ በገንኩ። ግን እውነቱን ነው። ዘንቢሏን ስስል ሁለት ቀን ፈጅቻለሁ፤ ፊቷን በአንድ ከሰዓት።

ኦስታደም ወጣት ሳለ እንደዚሁ ነበር። የድሮ ገበሬዎቹ ሰካራም፣ ተደባዳቢ፣ ፊታቸው የተጣመመ ናቸው። ከተሜ አይቶ እንዲስቅባቸው የተሳሉ ይመስላሉ። እሱም ያው ከተሜ ነው። እያደር ግን ለሳቅ የሚሰጣችሁ ሰው እያጣ መጣ። ቤቱ ያው ደሳሳ ቤት ነው፣ ልብሱም ያው ቡትቶ። አባወራው ግን አባወራ ሆነ።

እናንተ የምትልኩልኝ ባላገር ወይ ያለቅሳል ወይ እስክስታ ይወርዳል። መሃሉ የት ሄደ? ሽንኩርት የሚልጥ፣ ፍየል ጠፍታበት የሚቆጣ፣ ዝም ብሎ ደጅ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም እንዴ? ከመሳላችሁ በፊት ሂዱና አብራችሁት ተቀመጡ። እርሳሱ ኪሳችሁ ይቆይ። ስሙን ጠይቁት። ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ አንስታችሁ መሮጥ አይሆንም፤ እሱን እኔም ሞክሬዋለሁ፣ የሚተርፋችሁ ጋቢው ብቻ ነው።

ያቺ የተበላሸች ሰሌዳ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ባለፈው ሳምንት አውጥቼ አየኋት። ዘንቢሉ እውነትም ያምራል።