ጌም ለምትሠሩ ልጆች፦ ፌዙን ከሎጎው አትጀምሩ

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በማስታወቂያ ሥራ ነው። ለኩባንያዎች ስም አውጥቻለሁ፣ መፈክር ጽፌያለሁ፣ ሎጎ አሠርቻለሁ። ስለዚህ ጌም ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው መንገድ ዳር ወደተሰቀለው የውሸት ማስታወቂያ ነው። አሁን አሁን የራሳቸውን ጌም የሚሠሩ ወጣቶች ሥራቸውን ይልኩልኛል፤ ደስ እያለኝ ነው የማየው። ግን ብዙዎቹ ላይ አንድ ነገር ሲደጋገም ስላየሁ ይህን ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

በጌማችሁ ውስጥ ኩባንያ ላይ ልናፌዝ ስትሉ አንድ የታወቀ ብራንድ ትመርጣላችሁ። ሁለት ፊደል ትቀይራላችሁ፣ ቀለሙን እንዳለ ትተዉታላችሁ፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ ትለጥፉታላችሁ። ተጫዋቹ አይቶ ፈገግ ይላል፣ ያልፋል። በቃ። ስለዚያ ኩባንያ የተባለ ነገር የለም። እንዲያውም ያለ ክፍያ አስተዋወቃችሁለት።

እኔ የምመክራችሁ ሎጎውን ከመሣላችሁ በፊት ኩባንያው ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ እንድትጽፉ ነው። ማን ነው የሚከፍለው? ልውጣ ቢል መውጫ የሌለው ማን ነው? ከዚያ ያንን አሠራር ተጫዋቹ በገዛ እጁ እንዲያደርገው አድርጉ። ፊልም ያሳያል፣ ጽሑፍ ይናገራል፣ ጌም ግን ያሠራል። ይህ በእጃችሁ ያለ ትልቅ ነገር ነው።

2013 ላይ የወጣውን ጂቲኤ 5 አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። እዚያ ውስጥ ፌስቡክን የሚያሽሟጥጥ ላይፍኢንቬደር የሚባል ሶሻል ሚዲያ አለ። ሰው ሁሉ የሚያነሣው ስሙን ነው፤ ሕይወት ወራሪ እንደማለት ስለሆነ ያስቃል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። እናንተ የምታጫውቱት ማይክል የኩባንያው ቢሮ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ አንድ ፕሮግራመር ኮምፒውተሩ በማስታወቂያ ተጥለቅልቆበት እርዳኝ ይለዋል። ከዚህ በኋላ ሥራው የእናንተ ነው። እየመጣ ድቅን የሚለውን ማስታወቂያ አንድ በአንድ እየፈለጋችሁ ትዘጋላችሁ። አንዱን ስትዘጉ ሌላው እዚያው ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ለዓለም ሕዝብ መገናኛ ሠራሁ የሚል ኩባንያ የራሱን ሠራተኛ ኮምፒውተር ከማስታወቂያ ማዳን አልቻለም። ይህን ማንም አልነገራችሁም፤ ጣታችሁ ነው የነገራችሁ።

እዚያው ላይፍኢንቬደር ላይ የአንድ ድርጅት ገጽ ስታገኙ የምትጫኑት ላይክ አይደለም። ቁልፉ ሰውን እግር በእግር ተከታተል፣ አድፍጥበት የሚል ነው። ስትጫኑት ደግሞ ከድርጅቱ ቅናሽ ይላክላችኋል። አስቡት፤ ቁልፉ ክፉ ነገር መሆኑን በግልጽ እየነገራችሁ፣ እናንተ ግን ለቅናሹ ብላችሁ ትጫኑታላችሁ። ሰሙ ሎጎው ነው፣ ወርቁ ይህ ቅናሽ ነው። እኛ በማስታወቂያ ሥራ ውስጥ ስንት ዓመት የደከምንበትን ነገር በአንድ ቁልፍ ገልጠው አሳዩት።

በዚያው ጌም ውስጥ ያለው የትዊተር ፌዝ፣ ብሊተር፣ ለእኔ ከዚህ በጣም ያንሳል። ተራው ሰው የሚጽፈውን ቂልነት ደርድሮ ያሳያል፣ በቃ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ስትወድቁ አያለሁ። ሶሻል ሚዲያን ልናሽሟጥጥ ስትሉ ሰልፊ የምታነሣ ልጅ ታመጡና እሷ ላይ ታስቃላችሁ። ልጅቷን ተዉአት፣ እባካችሁ። ስልኩ ከእጇ እንዳይወርድ አድርጎ ያሰላው ሰው አለ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚያ ነው፤ እሱ የት ሄደ? ደካማው ላይ መሳቅ ቀላል ስለሆነ ነው ሁሉም የሚያደርገው።

ዋች ዶግስ 2ን ያየ ይህንን በደንብ ይረዳኛል። 2016 ላይ ዩቢሶፍት ያወጣው ነው፣ ታሪኩ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው፣ እናንተም የሃከሮች ቡድን አባል ናችሁ። ኑድል የሚባለው ጉግልን ያስታውሳል፣ ኢንቫይት የሚባለው ፌስቡክን። እነሱ ደህና ናቸው። የጌሙ ብልሃት ያለው ግን ዕድገታችሁ የሚለካው በፎሎወር መሆኑ ላይ ነው። ተልእኮ በጨረሳችሁ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል፣ ደስ ይላችኋል፣ ትልቅ ንቅናቄ የመራችሁ ይመስላችኋል። ከዚያ ብሉም የተባለው፣ እናንተ የምትታገሉት የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሰው፣ ዱሻን፣ መጥቶ ቁጥሩ ሆን ተብሎ የተነፋ መሆኑን ይነግራችኋል፤ እናንተ ባስፈራራችሁ ቁጥር እሱ መከላከያውን ይሸጥ ነበር። ይህ ሲነገር ስክሪኑ ላይ ያለ ሰው ብቻ አይደለም የሚደነግጠው። ቁጥሩ ሲጨምር ደስ ያለው ተጫዋቹ ራሱ ነውና።

መፈክር ለመጻፍ የምትፈልጉ ደግሞ ዘ አውተር ወርልድስን እዩ፣ ኦብሲዲያን የሠራው ነው፣ የ2019። ስፔሰርስ ቾይስ የሚባል ኩባንያ አለ፤ መፈክሩ «ምርጡ ምርጫ አይደለም፣ የስፔሰርስ ቾይስ ነው» ይላል። መፈክር ሲጽፍ የኖረ ሰው ሆኜ ስናገር ይህ ድንቅ ሥራ ነው። ዕቃዬ ጥሩ አይደለም ብሎ በአደባባይ የሚናገር ኩባንያ ማን ነው? ተፎካካሪ የሌለው ነው። ደንበኛው ሌላ ቦታ መሄድ አይችልም፣ ስለዚህ መዋሸት እንኳን አያስፈልገውም። ኤጅዋተር የምትባለው ከተማ ስትገቡ ነገሩ ይለይለታል። ከተማዋ የኩባንያው ናት፣ ሠራተኛው ለሚቀበርበት ጉድጓድ ራሱ ይከፍላል። ያልከፈሉትን እየዞራችሁ ገንዘቡን እንድትሰበስቡ የምትላኩት እናንተ ናችሁ። የደከመውን ሰው ፊት ለፊት ቆማችሁ የመቃብርህን ክፈል ትሉታላችሁ። እኔ እዚያ ጋ ጌሙን አቁሜ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ሕግን በተመለከተ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ፣ ባጭሩ ልበል። ሎስ አንጀለስ ያለ ፕሌይ ፔን የተባለ የምሽት ክበብ፣ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ውስጥ ፒግ ፔን የሚል ክበብ አይቶ የጌሙን ሠሪ ሮክስታርን ከሰሰ። 2008 ላይ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፈረደው ለሮክስታር ነው፤ የፈጠራ ሥራ ውስጥ ያለ ሐሳብን የመግለጽ መብት ነው ብሎ። ግን 2023 ላይ የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃክ ዳንኤልስ ጠርሙስ አምሳል የተሠራ የውሻ መጫወቻን ጉዳይ ሲያይ፣ የሌላውን ምልክት የራስህ ሸቀጥ መለያ አድርገህ ከተጠቀምክ ፌዝ ነው ማለት ብቻ ያንን ልዩ ጥበቃ አያሰጥህም አለ። ስለዚህ የፌዝ ሎጎው ጌሙ ውስጥ ሲኖር አንድ ነገር ነው፣ ቲሸርት ላይ አትማችሁ ስትሸጡት ሌላ ነገር ነው። ሕጉ ደግሞ ከአገር አገር ይለያያልና ጌማችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ።

የሽያጭ ነገር ከተነሣ አንድ የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ኑካ ኮላ ፎልአውት በሚባሉት ተከታታይ ጌሞች ውስጥ ከ1997 ጀምሮ ያለ የፈጠራ ለስላሳ ነው። ዓለም በኒውክሌር ከጠፋ በኋላ እንኳን ማስታወቂያው የማይጠፋ፣ ቆርኪው ገንዘብ ሆኖ የሚያገለግል መጠጥ ነው። 2015 ላይ ፎልአውት 4 ሲወጣ ጆንስ ሶዳ የተባለ ኩባንያ እውነተኛውን አምርቶ አሜሪካ ውስጥ ሸጠው። ጂቲኤ 5 ደግሞ ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ ገንዘብ አምላኪነትን ሲያሽሟጥጥ ያመሸ ተጫዋች በጌሙ ኦንላይን ክፍል ላይ ሻርክ ካርድ የሚባለውን፣ የጌሙን ገንዘብ የሚያስገኘውን ካርድ በእውነተኛ ገንዘብ ግዛ ይባላል። ሥራዎቹን ለማጣጣል አይደለም ይህን የምለው፣ ከልቤ የምወዳቸው ናቸው። ግን የእናንተም ጌም አንድ ቀን ቢሳካለት ያሽሟጠጣችሁትን ዕቃ ልሽጥላችሁ የሚል ሰው በራችሁን ያንኳኳል። መልሳችሁን ያኔ ሳይሆን አሁን፣ ገንዘቡ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ በፊት፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ ከተቻለ በጽሑፍ አስቀምጡት።

ሥራችሁን መላካችሁን አታቋርጡ፣ ሁሉንም አያለሁ። ግን የሎጎውን ሥዕል ብቻ አትላኩልኝ። ኩባንያው ከማን ምን እንደሚወስድ፣ ተጫዋቹንም ምን እንዲጫን እንዳደረጋችሁት ሁለት ሦስት መስመር ጨምሩበት።