ሃንግዡ ስኖር ስላየሁት የዜጎች ነጥብ

ሰላም ለሁላችሁ። የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው። ባንኩ ፋይዳ አምጣ ብሎታል። አጎቱ ደግሞ "እንዳትመዘገብ፣ እንደ ቻይና ለሰው ሁሉ ነጥብ ሊሰጡ ነው፣ ነጥብህ ከወረደ ባቡር እንኳ አትሳፈርም" ብለው አስፈርተውታል። እዚያ የኖረ ሰው ካለ እውነቱን ይንገረኝ ብሏል።

እኔ ኖሬያለሁ። ከ2009 እስከ 2013 ዓ.ም. ሃንግዡ ነበርኩ። መጀመሪያ ማስተርሴን ስማር፣ ከዚያ ደግሞ ኢዉ ገበያ ዕቃ ሊገዙ ለሚመጡ የመርካቶ ነጋዴዎች እያስተረጎምኩ። አሁን ስታዲየም አካባቢ ትንሽ ቢሮ ይዤ የአስመጪዎችን ወረቀት እሠራለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። አጎትህም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም።

ቻይና ውስጥ ለእያንዳንዱ ዜጋ የሚሰጥ አንድ አገር አቀፍ ነጥብ የለም። በኖርኩባቸው ዓመታት "የመንግሥት ነጥቤ ይሄን ያህል ነው" ያለኝ ሰው አንድም አላጋጠመኝም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 እስከ 2020 የሚሄድ የማኅበራዊ ተአማኒነት ሥርዓት ዕቅድ አውጥቷል፣ ይሄ እውነት ነው። አንዳንድ ከተሞችም የየራሳቸውን ሞክረዋል። ሻንዶንግ ውስጥ ሮንግቼንግ የምትባል ከተማ ነዋሪው በ1000 ነጥብ ይጀምርና እንደ ሥራው ይጨመርለታል ወይም ይቀነስበታል፣ ደረጃውም ከሦስት ኤ እስከ ዲ ይወርዳል። ከዚያ በፊት ጂያንግሱ ውስጥ ያለ ሱዪኒንግ የሚባል ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2010 ተመሳሳይ ነገር ጀምሮ የመንግሥት ሚዲያዎች ሳይቀሩ ተችተውት ነበር። አጎትህ ጋ የደረሰው ወሬ ከእነዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ሌላው ሰው የሚያምታታው አሊፔይ የሚባለው የስልክ መክፈያ የሚሰጠው ነጥብ ነው። ዢማ ይባላል፣ ከ350 እስከ 950 ይሄዳል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው የጀመረው። ይሄ የመንግሥት ሳይሆን የግል ኩባንያ ነው። የክፍል ጓደኞቼ ነጥባቸው ከፍ ያለ ስለነበር ጃንጥላውንም፣ የስልክ ቻርጀሩንም፣ ብስክሌቱንም ያለ ማስያዣ ነበር የሚከራዩት። እኔ በፓስፖርት ስለተመዘገብኩ ነጥቡ አልተከፈተልኝም። ለብስክሌት ብቻ 299 ዩዋን አስይዣለሁ። ለተማሪ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጥሩ ሰው ሁን መጥፎ፣ ሲስተሙ ካላወቀህ ትከፍላለህ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በሕይወት ላይ የሚያርፈው የፍርድ ቤቱ ዝርዝር ነው። ዕዳ ክፈል ተብሎ ተፈርዶበት ያልከፈለ ሰው ስሙ ከነመታወቂያ ቁጥሩ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ነው። ሰዉ "ላዎላይ" ይላቸዋል፣ እኛ ዕዳ በልቶ የካደ እንደምንለው። እዚህ ዝርዝር ውስጥ የገባ ሰው አውሮፕላን አይቆረጥለትም። ጂ በሚል ፊደል የሚጀምሩት ፈጣን ባቡሮች ላይ ምንም ዓይነት ወንበር አያገኝም። ውድ ሆቴል አያድርም፣ ልጁን ብዙ የሚያስከፍል የግል ትምህርት ቤት አያስገባም። እስከ እ.ኤ.አ. 2018 መጨረሻ ከ17 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የአውሮፕላን፣ ከ5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የፈጣን ባቡር ትኬት ተከልክሏል ተብሎ በይፋ ተነግሯል። አጎትህ ስለ ባቡሩ የሰሙት ይሄንን ነው።

የቤት አከራዬ ታናሽ ወንድም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበር። ትንሽ የልብስ ስፌት ነበረችው። ለጓደኛው ዋስ ሆኖ ፈረመ፣ ጓደኛው ጠፋ፣ ዕዳው በእሱ ላይ መጣ። ስልኩ ላይ ስትደውልለት ገና ከመጥራቱ በፊት የተቀዳ ድምፅ ይመጣል፣ "የደወሉለት ሰው በፍርድ ቤት ዕዳ ባለመክፈል የተመዘገበ ነው፣ ግዴታውን እንዲወጣ ይምከሩት" የሚል። ልጁ ከትምህርት ቤት ስትደውል እሱን ነው የምትሰማው። እናቱ ጉይዡ ክፍለ ሀገር ታመሙ ተብሎ ሲጠራ እህቱ በአውሮፕላን ቀድማ ሄደች፣ እሱ ግን በዝግተኛው ባቡር ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀንና ሌሊት ተጓዘ። እናትየው ተርፈዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አከራዬ ግን ያን ቀን ኩሽና ቁጭ ብላ ያለቀሰችው ለቅሶ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ልብ በል፣ ገንዘቡን ያበደረውም ሰው ልጆች አሉት። የእሱም ቤት ተርቦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩ ከነጭራሹ ክፉ ነው ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። ቻይናዎቹ ራሳቸው ብዙዎቹ ይደግፉታል፣ ለምን እንደሆነም አከራዬ ነግራኛለች። እ.ኤ.አ. በ2008 የዱቄት ወተት ውስጥ ሜላሚን የሚባል ኬሚካል ተጨምሮ 300,000 ገደማ ሕፃናት ታመሙ፣ ስድስት ሞቱ። የእሷ ልጅ ያኔ የአራት ወር ሕፃን ነበረች። "ወተት ሻጭ ማመን ካልቻልክ አንድ ሰው መዝግቦ ይያዝልህ ትላለህ" አለችኝ። ይሄ ገብቶኛል።

ከሃንግዡ ኢዉ በሄድኩ ቁጥር ባቡሩ ውስጥ በእንግሊዝኛ ሳይቀር ይነገር ነበር፣ ያለ ትኬት የተሳፈረ፣ የረበሸ፣ ያጨሰ ሰው በግል የተአማኒነት መዝገቡ ላይ ይጻፍበታል እያለ። መጀመሪያ ሰሞን እደነግጥ ነበር። በኋላ እንደ ሙዚቃ ሆነብኝ፣ አልሰማውም።

በራሴ ላይ የደረሰው በኮቪድ ጊዜ ነው። የካቲት 2012 ዓ.ም. ሃንግዡ የጤና ኮድ ጀመረች። ስልክህ ላይ አረንጓዴ ከሆነ ትወጣለህ፣ ቢጫ ከሆነ ሰባት ቀን ቤትህ ትቀመጣለህ፣ ቀይ ከሆነ አሥራ አራት። አንድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ስልኬ ቢጫ ሆኗል። የትም አልሄድኩም፣ ማንንም አላገኘሁም። በሩ ላይ ያለው ሽማግሌ በየቀኑ ሰላም የምለው ሰው ነው፣ ሻይ እንኳ አጠጥቶኛል። ስልኬን አየና ፊቱ ተለወጠ። "አውቅሻለሁ፣ ግን ቢጫ ነሽ" አለኝ። ስልክ ደወልኩ፣ አንዱ ወደ ሌላው መራኝ፣ ሁሉም "ሲስተሙ ነው" አሉኝ። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ሰባት ቀን ሞልቶ በራሱ ጊዜ አረንጓዴ ሆነ። እስከ ዛሬ ምክንያቱን አላወቅኩትም።

ከተመለስኩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሰኔ ላይ፣ ሄናን ክፍለ ሀገር ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ የታገደባቸው ሰዎች ገንዘባችንን ስጡን ሊሉ ዠንግዡ ሲሄዱ ኮዳቸው ቀይ ሆነ። ሳይታመሙ። በኋላ ሲጣራ 1,317 ሰዎች ናቸው ተባለ፣ አምስት ባለሥልጣናትም ተቀጡ። ይሄን ዜና ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሳነብ ያ በር ላይ የነበረው ሽማግሌ ነው ትዝ ያለኝ። ለበሽታ ተብሎ የተሠራ ነገር ሰው አፍ መዝጊያ ለመሆን የፈጀበት ጊዜ ሁለት ዓመት ከምናምን ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። ይሄ ነገር ለኛ አዲስ ነው የምትሉ ሰዎች ወላጆቻችሁን ጠይቁ። እናቴ ካዛንቺስ ነው ያሳደገችን። ቀበሌ የመጣው በአዋጅ 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ነው። እሷ እንደምትለው በደርግ ጊዜ ስብሰባ የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቁ ስኳር ለመውሰድ ሲመጣ ይጉላላ ነበር፣ መታወቂያ ለማደስም የሊቀመንበሩ ፊት ይታያል። ኮምፒውተር አልነበረም፣ ነጥብ አልነበረም፣ ደብተርና የአንድ ሰው ቂም ብቻ ይበቃ ነበር። የድጋፍ ደብዳቤ እየተባለ የተንከራተተ ሁሉ ይሄን ያውቀዋል።

በሌላ በኩል እቁብን ተመልከት። እቁብ በልቶ የጠፋ ሰው መርካቶ ውስጥ ዱቤ አያገኝም። ይሄም ዝርዝር ነው፣ በሰው ጭንቅላት የተያዘ። ግን ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለ፣ ሽማግሌ ይላካል። ታሞ ነው፣ ሱቁ ተቃጥሎበት ነው ተብሎ ይነገርለታል፣ ቀስ ብሎ ይከፍላል፣ ይታረቃል። እኔ ቢጫ በሆንኩ ጊዜ ያጣሁት ይሄንን ነው። ሽማግሌ የምልክበት ቦታ አልነበረም።

እዚሁ አዲስ አበባ የታናሽ ወንድሜን ጉዳይ ልንገርህ። ለሚኒባስ መግዣ ብድር ጠየቀ። ያልመለሰው ብድር አለ ተብሎ ተከለከለ። ወንድሜ በሕይወቱ ከባንክ አምስት ሳንቲም ተበድሮ አያውቅም። ለካስ በስሙና በአባቱ ስም የሚመሳሰለው ሌላ ሰው ነው፣ የአያት ስም በትክክል ሳይታይ። ስማችንን ታውቁታላችሁ፣ በእኛ አገር ስምና የአባት ስም ተመሳሳይ የሆነ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። አንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲመራው፣ አንድ ቀን "ሲስተም የለም" ሌላ ቀን "ኃላፊው ስብሰባ ነው" ሲባል አራት ወር ፈጀ። ሚኒባሱም ለሌላ ሰው ተሸጠ። በመጨረሻ የረዳችው አንዲት ትሑት የባንክ ሠራተኛ ናት፣ ፋይሉን ቁጭ ብላ ገጽ በገጽ አየችለትና የልደት ዘመኑ እንደማይገጥም አገኘች።

እንግዲህ ፋይዳን በዚህ ዓይን እየው። ፋይዳ ነጥብ አይሰጥም። በአዋጅ 1284/2015 የተቋቋመ መታወቂያ ነው፣ የጣት አሻራህን፣ የዓይንህን፣ የፊትህን ምስል ወስዶ አሥራ ሁለት አኃዝ ቁጥር ይሰጥሃል። ያ ቁጥር ያኔ ቢኖር ወንድሜን ከዚያ ሰውዬ በአንድ ደቂቃ ይለየው ነበር፣ ስለዚህ እኔ በበኩሌ ተመዝግቤያለሁ፣ እናቴንም ወስጄ አስመዝግቤያለሁ። ግን ያው ቁጥር ባንክም፣ ስልክም፣ ግብርም ጋ ሲገባ፣ አንዱ ጋ የተጻፈ ስህተት ሁሉም በር ላይ ቀድሞህ ሊደርስ ይችላል። የምፈራው ይሄንን ነው እንጂ አጎትህ የሚሉትን ነጥብ አይደለም።

ነጥብ የሚመስል ነገር ደግሞ አሁንም በእጅህ አለ። በቴሌብር የሚገኘው ብድር ለአንዱ ብዙ ለሌላው ትንሽ የሚፈቅደው አጠቃቀምህን አይቶ ነው። ሾፌርም ከሆንክ የትራፊክ ጥፋት ሪከርድ እንደሚያዝብህ ታውቃለህ። አልተደነቅንም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ በየቤቱ ነው የተቀመጠው። የትራፊክ ቅጣትህ ልጅህን ትምህርት ቤት ስታስመዘግብ አይጠየቅም። ያ ቀን ከመጣ ያኔ አብረን እንጩህ።

ለአሁኑ የምልህ፣ ሂድና ተመዝገብ፣ ግን ከመፈረምህ በፊት የአያትህን ስም ፊደል በፊደል አንብብ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውንም ከፓስፖርትህ ጋር አመሳክር፣ የልደት ቀንህ ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለወጥ በትክክል መለወጡን እይ። ብድር ጨርሰህ ስትከፍል ደረሰኙ ብቻ አይብቃህ፣ ክሊራንስ አስጽፍ። በስልክህ ለሌላ ሰው ብድር አታውጣ፣ ዘመድም ቢሆን። የሆነ ቦታ ተከልክለህ ከተመለስክ "ሲስተሙ ነው" የሚለውን አትቀበል፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ስለ አንተ የተያዘውን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማስተካከል መብት ሰጥቶሃል፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ወንድሜ ይሄን አያውቅም ነበር፣ እኔም አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ፣ ኢዉ ካለ ሻጭ ዕቃ ልታዝ እንደሆነ ጽፈሃል። እዚያ ላይ ይሄው ሥርዓት ይጠቅምሃል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ማንኛውም የቻይና ድርጅት አሥራ ስምንት አኃዝና ፊደል ያለው የተአማኒነት ኮድ አለው፣ የንግድ ፈቃዱ ላይ ተጽፏል። በዚያ ኮድ የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ድርጅቱ መቼ እንደተቋቋመ፣ መቀጣት አለመቀጣቱን፣ ችግር አለባቸው ከተባሉት ውስጥ መግባት አለመግባቱን ማየት ይቻላል። ቅድሚያ ክፍያ ልከው ዕቃውም ሰውየውም የጠፋባቸው ነጋዴዎች ቢሮዬ መጥተው ያውቃሉ፣ ኮዱን ስናየው ድርጅቱ ከተዘጋ ቆይቷል። የፈቃዱን ፎቶ በውስጥ ላክልኝ፣ በቻይንኛ ስለሆነ እኔ አየዋለሁ። ጠዋት ብትልከው ይሻላል፣ እነሱ በአምስት ሰዓት ይቀድሙናል፣ መደወል ካስፈለገ ሳይዘጉ እደርስባቸዋለሁ።