በጥቁር መኪና ላይ የደረቀ የጥድ ሙጫ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤

የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ በተከራየሁበት ግቢ ካለው ትልቅ የፈረንጅ ጥድ ሥር ጥቁር ኮሮላዬን ማቆም ከጀመርሁ ወዲህ ኮፈኑና ጣሪያው ላይ የሙጫ ጠብታ እየበዛ ሄዷል። አንዳንዱ ገና እጅ ይይዛል፤ አንዳንዱ ግን ደርቆ ጠጥሯል። ላቫጆ በወሰድሁት ጊዜ አንዱ አጣቢ በምላጭ ሊፍቀው ሲነሣ አስቆምሁት፤ ሌላው ቤንዚን ያስለቅቀዋል አለኝ፤ አከራዬ እማማ ደግሞ «ዳግም አረቄ እያለ ምን አስጨነቀህ?» ይሉኛል። መኪናው ቀደም ሲል በሌላ ሰው እጅ የቆየ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ላዩ ሁሉ ክብ ክብ ጭረት ሆኖ ይታያል፤ አንዱ የኋላ በርም ከሌላው ይልቅ ደብዝዟል። እህቴ ከጥምቀት በኋላ ስለምትዳር መኪናው ለአጃቢነት ይፈለጋል። ቀለሙን ሳልጎዳ ሙጫውን እንዴት ላስለቅቅ? ጥቁረቱና አንጸባራቂነቱስ ይመለሳል? እማማን ቅርንጫፉን ያስቆርጡልኝ ብዬ ብለምንስ?

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አንባቢ፤

ምላጩን ማስቆምዎ መልካም ነበር። ሙጫ የሚሟሟ እንጂ የሚፋቅ ነገር አይደለም፤ በጥቁር መኪና ላይ ደግሞ በሌላ ቀለም ተሸፍኖ የሚያልፍ ጭረት ሁሉ ይጋለጣል።

አስቀድመው አንድ ነገር ይለዩ። ከጥድ ሥር በቆመ መኪና ላይ የሚያጣብቅ ነገር ሁሉ ሙጫ አይደለም። በፈረንጅ ጥድ ቅርንጫፍ ላይ የሚራባው ክሽክሽ የሚጥለው ጣፋጭ ፈሳሽም እንዲሁ በጥቃቅን ነጠብጣብ መልክ መኪናውን ያለብሰዋል፤ ይህኛው ስኳርነት ስላለው ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ጥቂት ከራሰ ይለቃል። ስለዚህ መኪናውን በሚገባ አጥበው አቧራውን ካስወገዱ በኋላ በውኃ አልነቃነቅ ብሎ የቀረው እውነተኛው ሙጫ ነው።

የእማማ ምክር መነሻው ትክክል ነው፤ የጥድን ሙጫ የሚያሟሟው በእርግጥ አልኮል ነውና። ችግሩ ዳግም አረቄ ጠንካራ ቢባልም ከግማሽ የሚበልጠው ውኃ መሆኑ ነው፤ የጥድ ሙጫ ደግሞ በውኃ አይሟሟም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ይሻላል፤ አረቄው ለሠርጉ ይቆይ።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። አልኮሉን በመጀመሪያ ከበሩ ሥር ባለ የማይታይ ቦታ ላይ በነጭ ጨርቅ ይሞክሩት፤ ቀለሙ ከለሰለሰ ወይም ጨርቁ ጥቁር ከያዘ ያቁሙ። ደህና ከሆነ ንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ አርሰው በጠብታው ላይ ያስተኙትና ለግማሽ ደቂቃ ወይም ለአንድ ደቂቃ ሳያሹት ይተዉት። ጨርቁን ሲያነሡ የሙጫው ጠርዝ ቀልጦ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ መካከሉ ገና ከሆነ በሌላ ንጹሕ የጨርቁ ገጽ ይድገሙት። ለተጋገረው ጠብታ አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ጨርቅ ቢያስተኙበት ይለሰልሳል። ሲጨርሱ ቦታውን በሳሙና ውኃ አጥበው ያለቅልቁት፤ አልኮል የነካው ቦታ ሰሙንም ስለሚያጣ በኋላ እንደገና መቀባት አለበት። ሥራው የሚሠራው ጥላ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ሳይግል፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ነው። በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ሙጫው ደርቆ ተሰባሪ ስለሚሆን በጥፍር ብድግ ላድርገው ያሰኛል፤ ነገር ግን ረዥም ጊዜ የተቀመጠ ጠብታ ከሥሩ ያለውን ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚቀባውን ግልጽ ሽፋን) ይዞ ሊነሣ ይችላልና ፀሐይ ሞቅ እስክትል ይጠብቁ።

ቤንዚን አልመክርም፤ እሳት ይስባል፣ ቅባታማ ፊልምም ይተዋል፣ ደካማ ቀለምን ይጎዳል። ቲነርና የጥፍር ቀለም ማጥፊያ አሴቶን ከዚያ የባሱ ናቸው፤ በተለይ ጋራዥ ውስጥ እንደገና የተቀባ መኪና ላይ ቀለሙን ራሱን ያነሣሉ።

ቅርንጫፉን ማስቆረጥ ደግሞ ለጊዜው ነገሩን ያባብሰዋል፤ ጥድ ሙጫውን የሚያፈሰው ቁስሉን ለመድፈን ነውና። ለምነው እማማን ከማስቸገር መኪናውን ከቅርንጫፉ ጥላ አውጥቶ ማቆም ይቀላል።

አንጸባራቂነቱን በሚመለከት፣ ክብ ክብ ያሉት ጭረቶች ከሙጫው ጋር ግንኙነት የላቸውም። ብዙውን ጊዜ የሚመጡት መኪናን በየማለዳው በደረቅ ጨርቅ ከመወልወል ነው፤ የመንገዱ አቧራ በጨርቁ ሥር ሆኖ ክሊሩን ይፍቀዋል። ይህን ልማድ ካልተዉ የቀረው ምክሬ ሁሉ ከንቱ ነው። የደብረ ብርሃን ፀሐይም የራሱ ድርሻ አለው፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ከተማ ሲሰጣ የሚውል ቀለም ከቆላው ይልቅ ብዙ ጨረር ይቀበላል።

ፖሊሽ ጭረቱን የሚያጠፋው ክሊሩን በጥቂቱ በመላጥ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ክሊር አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ፣ ሻካራውን ኮምፓውንድ ትተው ደቃቁን ፖሊሽ ይግዙ፤ በስፖንጅ፣ የመዳፍ ያህል ስፋት እየያዙ፣ በቀስታ ይሥሩ። ማሽን ካስመቱ ሠራተኛው በጠርዝና በእጥፋት ቦታዎች ላይ እንዳይቆም ይንገሩት፤ ቀለም ቶሎ የሚቃጠለው እዚያ ነው። ከዚያ ሰም ይቀቡት። ሰሙ አዲስ ጭረት አያጠፋም፤ ነገር ግን ጥቁረቱን ያጎላል፣ የሚቀጥለውም ጠብታ ቀለሙን ሳይነካ በላዩ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ በየጥቂት ወሩም መታደስ አለበት።

የደበዘዘውን በር ለብቻው ይመርምሩት። በበሩ ዙሪያ ያለውን የጎማ ማሸጊያ ጠርዝ ሲገልጡ የቀለም ብናኝ ካገኙ፣ ወይም ደቃቅ ፖሊሽ ሲቀቡት ጨርቁ ከጠቆረ፣ በሩ እንደገና ተቀብቷል፤ ምናልባትም ክሊር የለውም። ክሊሩ ተልጦ ነጭ ነጭ ቅርፊት ከታየ ፖሊሽ ገንዘብ ማባከን ነው፤ በሩን ብቻ በቀለም ቀቢ ማስቀባት ያስፈልጋል። አዲስ ቀለም እስኪጠነክር ቢያንስ ለአንድ ወር ሰም አይቀባም፤ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ስለሆነ ቀለም ቀቢውን ከኅዳር ሳያልፉ ያነጋግሩት።