ይነቀል ወይስ ይታከም? ሁለት ሐኪም ሁለት ነገር ሲል

ጥርስህን ገና አታስነቅለው። አንዱ ሐኪም «መንጋጋ ጥርስህ ይነቀል»፣ ሌላው «ሥሩ ታክሞ ይተርፋል» ካሉህ፣ ማንን ልመን ብለህ ከመጨነቅህ በፊት ሁለቱንም እንዲህ ብለህ ጠይቃቸው፦ «ምኑን አይተው ነው? ራጁ ላይ ያሳዩኝ።»

የሚታመን ሐኪም ራጁን ከፍቶ በጣቱ ያሳይሃል። ጥርሱ እስከ ሥሩ ተሰንጥቆ ከሆነ ወይም ከድድ በላይ የቀረው የጥርሱ አካል ሽፋን (ጥርሱ ላይ የሚጠለቅ ሰው ሠራሽ ቆብ) የማይሸከም ከሆነ መንቀሉ ትክክል ነው። የተጎዳው ሥሩ ውስጥ ያለው ነርቭ ሆኖ ጥርሱ በቂ አካል ካለው ግን ብዙ ጊዜ ማትረፍ ይቻላል። ራጅ ሳያነሳ «ዛሬውኑ እንንቀለው» የሚልህን ተወው።

ማትረፉን ከመረጥክ እነዚህን ሳትጠይቅ አትጀምር፦

1. ሥሩ ከታከመ በኋላ ሽፋን ይደረግለታል? መንጋጋ ብዙ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ሲያኝኩበት ሊሰበር ይችላል።
2. የተነገረኝ ሂሳብ ሽፋኑን ይጨምራል?

አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ሕመሙ በድንገት ሲተወኝ ዳንኩ ብዬ ቀጠሮዬን ሰረዝኩ። ለካ ነርቩ ሞቶ ነው። ከወራት በኋላ መግል ቋጥሮ ጉንጬ አበጠ፤ ሊተርፍ ይችል የነበረው ጥርሴ ተነቀለ። እስካሁን ይቆጨኛል። ሕመሙ ጠፋ ብለህ እንዳትቀር።

ፊትህ አብጦ ካተኮሰህ፣ ወይም መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂድ።