ያነሳሳኝ መንፈስ ቅዱስ ነው ወይስ ማይኩ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ገና መቃኞ ነው፤ ዋናው ሕንፃ ተጀምሯል። ባለፈው ንግሥ አንድ ሰባኪ ማይክ ይዞ ሕዝቡን አነሳሳው። «5 ሺህ ያለ! 10 ሺህ ያለ!» ሲል፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ እኔም እጄን አውጥቼ 30 ሺህ ብር አልኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴ «ከየት አምጥተሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የቤቱን የባንክ ዕዳ እንኳ ገና እየከፈልን ነው። ጎረቤቴ ደግሞ «ቃል ገብቶ ማስቀረት የሐናንያና የሰጲራ ኃጢአት ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ያን ቀን ያነሳሳኝ ማነው? ብሩንስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳሽ ሐናንያ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ሐናንያና ሰጲራ መሬታቸውን ሸጡ፤ ከዋጋው ከፊሉን ደብቀው ሁሉንም ያመጡ መሰሉ። ጴጥሮስ «ለምን አሳነስክ?» አላለውም። እንዲያውም መሬቱ ሳይሸጥ የራሱ እንደነበር፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በእጁ እንደነበር ነው ያስታወሰው። የወቀሰው በውሸቱ ነው (ሐዋ. 5፥1-4)። አንቺ ያለሽን ደብቀሽ «ይኸው ሁሉም» አላልሽም። የሌለሽን ነው የጠራሽው። ይሄም ችግር ነው፣ ግን የሐናንያ ችግር አይደለም። ጎረቤትሽን በዚህ አትስሚያት።

አሁን ወደ ማነሳሳቱ። ማነሳሳት በራሱ የሚጠላ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በየቅዳሴው ታነሳሳናለች። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ግድግዳ የተደገፈው ቀና ይላል፣ ልጅ ያዘለችው ነጠላዋን ትሰበስባለች፣ ሁላችንም «እግዚኦ ተሣሃለነ» እንላለን። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን «በአንተ ያለውን የእግዚአብሔርን ስጦታ እንድታነሣሣ አሳስብሃለሁ» ይለዋል (2ኛ ጢሞ. 1፥6)። «በአንተ ያለውን» የምትለዋን ልብ በያት። በግሪኩ የተጻፈው ቃል እሳትን መልሶ ማንደድን ያመለክታል፤ አመድ የለበሰ ረመጥ ቆስቁሶ እፍ እንደማለት ነው። ረመጥ የሌለበት ምድጃ ላይ እፍ ብትይ የሚነሳው አመዱ ነው፤ እሱም ዐይንሽ ውስጥ ይገባል።

በጎ ያልሆነ ማነሳሳትም አለ። በኤፌሶን ድሜጥሮስ የሚባል ብር ሠሪ ነበር፤ እንጀራው የአርጤምስን ቤተ መቅደስ ምስል በብር እየሠራ መሸጥ ነው። የጳውሎስ ስብከት ገበያውን ሲያቀዘቅዝበት የሙያ ጓደኞቹን ሰበሰበና የኪሱን ጉዳይ የአማልክት ክብር ጉዳይ አስመሰለው። ከተማው ተደበላለቀ። 2 ሰዓት ያህል «የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት» እያሉ ጮኹ። ሉቃስ በመሐል አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል፤ ባነበብኳት ቁጥር ፈገግ ታሰኘኛለች። የሚበዙት ሰዎች ስለምን እንደተሰበሰቡ እንኳ አያውቁም ነበር ይላል (ሐዋ. 19፥32)። እንዲህ ያለው ሕዝብ መሐል ጉሮሮው ይሠራል፣ ልቡ ግን ቤቱ ነው ያለው።

ሙሴ ዘንድ የሆነውን ደግሞ ተመልከቺ። ለመገናኛው ድንኳን ስጦታ ሲጠየቅ ልቡ ያነሣሣው ሁሉ አመጣ። ወርቅ ያለው ወርቅ፣ መፍተል የምትችል ሴት የፈተለችውን (ዘጸ. 35፥21-29)። በአንድ ቀን ሆታም አላበቃም፤ በየማለዳው ያመጡ ነበር። በመጨረሻ ሠራተኞቹ «ሕዝቡ ከሚያስፈልገው በላይ እያመጣ ነው» ብለው ለሙሴ ነገሩት። እሱም ከእንግዲህ ማንም እንዳያመጣ በሰፈሩ አሳወጀ (ዘጸ. 36፥3-7)። «በቃን፣ አታምጡ» ብሎ ያወጀ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ እኔ እስካሁን አላየሁም።

እንግዲህ ያንቺንም በማለዳው ልብሽ መርምሪው። እልልታው ካለፈ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ብቻሽን ስትሆኚ ያ መቃኞ ሕንፃ ሆኖ ማየት አሁንም ያምርሻል? ከሆነ ፍላጎቱን ከእግዚአብሔር ቁጠሪው። 30 ሺዋን ግን የጠራት ማይኩ ይመስለኛል። ሁለቱ በአንድ ቀን መገናኘታቸው አዲስ ነገር አይደለም።

ሰባኪውንም ሙሉ በሙሉ አልኮንነውም። ካልተጠየቀ ሰው ይረሳል። የከተማ ዳር አጥቢያ ደግሞ ሀብታም ነጋዴ የለውም፤ ምእመኑ አብዛኛው እንዳንቺው ባለዕዳ ነው። ካህናቱ አስፋልት ዳር ጃንጥላ ዘርግተው «ስለ እመቤታችን» ሲሉ የሚውሉት ወደው አይደለም። ጳውሎስም ቢሆን የአካይያን ሰዎች ቅንዓት ለመቄዶንያ ሰዎች እየተናገረ ብዙዎችን አነሳስቷል (2ኛ ቆሮ. 9፥2)። ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ ሁለት ነገር አድርጓል። ወንድሞችን ቀድሞ ልኮ ሰዉ እንዲዘጋጅ ጊዜ ሰጠ፤ «በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ብሎም አስጠነቀቀ። ስም እየጠሩ ማፋጠጥ፣ 100 ብር የያዘውን ማሸማቀቅ ከዚህ ጋር አይሄድም። ይህን ለሰባክያኑም እላቸዋለሁ።

ብሩን በተመለከተ «ግድ የለሽም፣ ተይው» ልልሽ አልችልም። መጽሐፍ ተስሎ ከማስቀረት አለመሳል ይሻላል ይላል (መክ. 5፥5)። ሆኖም ይኸው መጽሐፍ ለደኻ መውጫ አበጅቶለታል። በኦሪት የተሳለው ሰው ግምቱን መክፈል ሲያቅተው ካህኑ ፊት ይቆማል፤ ካህኑም እንደ ሰውዬው አቅም ይገምትለታል (ዘሌ. 27፥8)። ጳውሎስም ስጦታ የሚወደደው እንዳለን መጠን ነው፣ እንደሌለን አይደለም ብሏል (2ኛ ቆሮ. 8፥12)።

ስለዚህ የንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂ። ባለቤትሽንም ይዘሽው ሂጂ፤ የቤቱ ገንዘብ የሁለታችሁም ነው፣ ሳትመክሩ መጥራትሽ ቅር ቢያሰኘው አልፈርድበትም። ገቢያችሁን፣ ዕዳችሁን፣ የልጆቹን ወጪ ሳትደብቁ ንገሯቸው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ክፈሉ ይሏችሁ ይሆናል፤ ቀንሰውም በጉልበት አግዙ ሊሉ ይችላሉ። ሕንፃው አሸዋ የሚያቀብል ሰው አይጠላም። ያሏችሁን ተቀበሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ 30 ሺዋ አትጨነቂ።

ለኮሚቴውም ራስሽ ደውለሽ የተወሰነውን አስመዝግቢ፤ እስኪፈልጉሽ አትጠብቂ። ስትከፍዪ ደግሞ ካርኒ ሳትቀበዪ እንዳትወጪ።