የውሃ ፓምፑ ፑሊ አብሮ እየዞረ ብሎኑ እምቢ ላለህ

ሰላም ወንድሜ። የኮሮላህን ቺንጋ (የሞተሩን ቀበቶ) አውጥተህ የውሃ ፓምፑን ፑሊ (ቺንጋው የሚያዞረውን ክብ ብረት) ልትፈታ ስትል አብሮ እየዞረ አስቸገረኝ ብለሃል። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቺንጋውን መልሰህ አስገባና በደንብ ወጥረው፤ ፑሊውን የሚይዝልህ እሱ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። አራቱን ብሎኖች በየተራ አላላቸው እንጂ አትጨርሳቸው። አሁንም ከዞረ አንድ ሰው ቺንጋውን በእጁ ጫን ያድርግልህ። ከዚያ ቺንጋውን ወጥሮ የያዘውን ዲናሞ አላልተህ ቺንጋውን አውጣ፣ ብሎኖቹን ጨርስ።

ብሎኑ ወጥቶም ፑሊው ዝገት ይዞት አልላቀቅ ሊልህ ይችላል። እኔ እዚህ አዳማ፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ ግቢ ውስጥ ስታገል ትዕግስቴ አለቀና በካቻቢቴ ፈለቀቅኩት። ጠርዙ ተጣመመ። ቺንጋው ሲጮህብኝ ከርሞ ሌላ ፑሊ ገዛሁ። አንተ የዝገት ማላቀቂያ ርጭበት፣ ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ፣ ዙሪያውን በእንጨት ቁራጭ ቀስ እያልክ ምታው።

ለፑሊው ብቻ ከሆነ የራዲያተሩን ውሃ ማፍሰስ አያስፈልግም። ግን እጅህ እዚያ ከደረሰ አይቀር የፓምፑን ዘንግ ያዝና ወዝወዝ አድርገው። ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አልቋል፣ ፓምፑንም ቀይረው።